የቲ እግር

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ለምን እስከዚያ እንደቆየሁ አልናገርም። ሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሳዛኝ ታሪክ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የማንም አንገት ማዘንበያ መሆን አልፈልግም። ያስተማረችኝ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ አብራኝ ዕቃ ታጥብ የነበረች ሴት ናት። የፊደል ገበታውን በፕላስቲክ ሸፍና ከማጠቢያው በላይ ለጠፈችውና እጃችን አረፋ ውስጥ እንዳለ ታስቆጥረኝ ጀመር። ተ ላይ ስንደርስ በያዘችው ሹካ እያመለከተች፣ «ተ መስቀል ናት። ቱ ክንድ አወጣች። ቲ እግር አወጣች። ሁሉም አንድ ቤት ናቸው፤ አንተ እግሯን እይ» አለችኝ። እግሯን አየሁ። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

ከዚያ በፊት የኖርኩት በመልክ ነው። የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የመንገዱን ስም፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ፣ ሁሉንም የማውቀው እንደ ሰው ፊት ነበር። ምግብ ቤት ስገባ ሜኑውን ገለጥ ገለጥ አደርግና «እሱ ያዘዘውን አምጪልኝ» እላለሁ። ፎርም ሲሰጡኝ መነጽሬን ረስቻለሁ እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ዓይኔ ምንጣፍ ላይ የወደቀ መርፌ ቆሜ ያያል።

ግሌንዴል ከተማ ያስቀጠረኝም ይኸው ዓይን ነው። አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ እዚያ የድሮ ዕቃ ሱቅ ነበረው፤ እኔ የሕንጻው ፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዕቃ ያዝልኝ አለኝ፤ ቀጥሎ ፍታልኝ አለኝ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ቆየሁ። ዋና ሥራው የጃፓን መኮንኖች በጦርነቱ ጊዜ ይታጠቁት የነበረ ጎራዴ ነበር። የአሜሪካ ወታደሮች ይዘውት መጡ፤ ዛሬ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከጋራዥ እያወጡ ያመጡታል። የሽማግሌው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህ ጎራዴ እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው ወይስ ከሦስት ሬሳ ነው የተገጣጠመው?

መልሱ ሲፈታ ይገኛል። እጀታው ውስጥ ያለችውን የቀርከሃ ችንካር ገፍተህ ታወጣለህ። እጀታውን በአንድ እጅ ጨብጠህ አንጓህን በሌላው ጡጫህ ስትመታው ስለቱ ይላቀቃል። ከዚያ ነጭ ፎጣ ላይ በተራ ትደረድራለህ፤ ስለቱን፣ አንገቱ ላይ የሚጠልቀውን የናስ ቀለበት፣ እጅን የሚጠብቀውን ክብ ብረት፣ ከሱ ግራና ቀኝ የሚገቡትን ስስ የናስ ቅጠሎች። ሠሪው ቁርጥራጮቹ ከሌላ ጎራዴ ጋር እንዳይደባለቁበት እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቁጥር መትቶበታል። ቁጥሩ ተመሳሳይ ከሆነ አብረው ተወልደዋል። ካልሆነ አንዱ እንግዳ ነው። እንግዳውን ለማስገባት ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፋሉ፤ ሲላላባቸው ጠርዙን በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ፤ ዓይነ ደረቁ ደግሞ ቁጥሩን ፍቆ ሌላ ይመታል። አዲስ የሞረድ ጭረት ያብለጨልጫል። አሮጌው ጭረት ውስጥ ዝገት ተኝቷል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አይቼ ነው።

አብዛኛው ቁጥር የፈረንጅ ቁጥር ነበር። አልፎ አልፎ በጃፓን ጽሕፈት የተመታ ሲመጣ ሽማግሌው ራሱ ያየዋል፤ እኔ አልጠየቅም። በኋላ እሱ ሞተ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ፓርኪንግ ተመለስኩ፣ ይህኛው ግን ፌርፋክስ አጠገብ ነው። ሰፈሩ «የጎራዴው ኤክስፐርት» እያለ ይቀልድብኝ ጀመር። ቀልዱን ወደድኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

ጋሼ የምላቸው ሰው ፓልምስ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ሰባ ሊሞላቸው ነው። የታክሲ ሥራ ሲሞት በአንድ ድርጅት መኪና ሕመምተኞችን ሆስፒታል ማመላለስ ያዙ። ከነዚያ አንዱ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን የሚታጠብ አሜሪካዊ ነበር፤ አራት ዓመት አመላለሱት። ሊሞት ሲል በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጎራዴ አስታቀፋቸው። አባቱ ከጦርነቱ ያመጣው ነው። ጋሼ እምቢ ማለት አልቻሉም። ባለቤታቸው ግን ደም የቀመሰ ብረት ከምተኛበት አልጋ ሥር አይገባም ብለው ጸበል ረጩበትና ጓዳ ውስጥ ከመጥረጊያው ጎን አቆሙት።

ከዓመት በኋላ የሟቹ ሴት ልጅ ደወለች። የአያቷን ጎራዴ ትፈልገዋለች። ጋሼ ድሮም የኔ አልነበረም፣ ውሰጂው አሏት። ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ ግን ከማስረከባቸው በፊት ምንም እንዳልጎደለ የሚያውቅ ሰው እንዲያይላቸው ፈለጉ። የሚያውቀው ሰው እኔ ሆንኩ።

የፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ነጭ ፎጣዬን ዘረጋሁና ፈታሁት። እጅ ጠባቂው ብረትና የናስ ቅጠሎቹ ላይ ትንሽ መስቀል ተመትቷል። የአንገቱ ቀለበትና እጀታው ውስጥ የሚደበቀው የስለቱ ጅራት ላይ ደግሞ መስቀሉ ከታች ወደ ቀኝ እግር ዘርግቷል። ተ። ቲ።

የጃፓን ጽሕፈት አማርኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እስከዚህ ቂል አይደለሁም። ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያነበበ ሰው አያውቀውም፤ በአርባ አንድ ዓመቱ ፊደል የገባው ሰው ጭንቅላት አንድ በር ብቻ ነው ያለው። የሚመጣው ሁሉ በዚያ በር ይገባል። መስቀሏን «ተ» ብዬ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ልመልሳት አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ ብልጥነት ጨመርኩበት። ተ አንደኛ፣ ቲ ሦስተኛ፤ ቤታቸው አንድ። ሠሪው ለጎራዴው አንድ ቤት ሰጥቶ ቁርጥራጮቹን በተራ ሰይሟቸዋል አልኩ። ሐሳቡ አማረኝ። ማንም ያላየውን ያየሁ መሰለኝ።

«አንድ ቤት ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ሁሉም አብሮ የተወለደ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የነበረ መሰለዎት?»

እዚያው ቆመው ደወሉላት። ኤክስፐርት አይቶታል፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው፣ ሁሉም ማች ያደርጋል አሏት። ያችን «ኤክስፐርት» ስሰማ ደረቴ መንፋቱን አልክድም። በማግስቱ ሎንግ ቢች ድረስ ድራይቭ አድርገው አስረከቧት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ መጡና መኪናውን አላቆሙም፤ ሞተሩ እየሠራ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ልጅቷ ጎራዴውን ለአንድ የጎራዴ ዋጋ ገማች አሳይታው ኖሯል። ገማቹ እጅ ጠባቂውና ቅጠሎቹ የሌላ ጎራዴ ናቸው አላት። እሷም ሁለቱን ቃል አስቀምጣ ደመረቻቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ኤክስፐርቱ ሁሉም ይገጥማል ብሏል፤ ዛሬ አይገጥምም፤ እንግዲህ መሐል ላይ የነካው ማነው? በጨዋ ቋንቋ ጽፋላቸዋለች። እየከሰስኩህ አይደለም፣ ግን ዋናዎቹን ቁርጥራጮች እንድትመልስ ሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ፣ ካልሆነ ለምትሠራበት ድርጅት እናገራለሁ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጋሼ አላብራሩልኝም፤ ማብራራት አያስፈልግም። የሕመምተኛ ቤት የሚገባ የሚወጣ ሰው እጁ ተጠረጠረ ማለት በማግስቱ ቁልፍ ያስረክባል። በዚያ ላይ እኚህ ሰው ቤተክርስቲያን ውስጥ የሙዳየ ምጽዋቱን ሣጥን ሲከፍቱ ምስክር ሆነው የሚቆሙ ናቸው።

«እኔ መፍቻ እንኳ የለኝም» አሉ። «ሰውየው ምን ይላል መሰለህ፤ ጠባቂው ላይ ያለው ዐሥር ነው፣ ስለቱ ላይ ያለው ሰባት ነው ይላል።»

ዐሥርና ሰባት። መስቀሏ ዐሥር ብትሆንስ? ባለ እግሯ ሰባት ብትሆንስ? ይህን ማለት ነበረብኝ፤ እዚያው፣ መስኮቱ ዝቅ ብሎ እያለ። እኔ ያልኩት ግን ሌላ ነው።

«ገማቹ ራሱ ቢሆንስ የለወጠው?»

ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ለካ እንዲህም አለ አሉና ነድተው ሄዱ። እኔ የደረሰኝን መኪና ፓርክ ሳደርግ ምሰሶ ልመታ ለጥቂት ቀረሁ።

ሐሙስ ሐሙስ መኪናዋን እኛ ጋ የምታቆም አንዲት አሮጊት ጃፓናዊት አለች። እስክትመጣ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ሁለት ቀን ሙሉ መስቀል ይታየኛል፤ በመስኮት ፍሬም፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ሁለት መንገድ በሚገናኝበት ሁሉ፤ ሁሉንም እግር አለው የለውም እያልኩ አያለሁ። ስትመጣ ሁለቱን ምልክቶች በፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ ስዬ ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት። ዐሥር፣ ሰባት አለችኝ። ቀጥላ ጽሕፈትህ ያምራል አለችኝ። በዕድሜዬ ጽሕፈትህ ያምራል ያለኝ ሰው የለም፤ ጠብቆ ጠብቆ በዚያ ቀን መጣ።

አሁን ሁሉም ግልጽ ነው። ጎራዴው ከመጀመሪያውም የተደባለቀ ነበር። ጋሼ አልነኩትም፣ ገማቹም አልነካውም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሌባ ያደረገው የኔ አፍ ነው። ለጋሼ ለመደወል ስልኩን ስንቴ እንዳነሳሁት አላውቅም። ስደውል ምን እላለሁ? ቁጥሩን ተሳሳትኩ ብል ስድስት ዓመት ሠርተህ እንዴት ይሉኛል። እንዴት የሚለው ጥያቄ ደግሞ የሚያደርሰው እዚያው ማጠቢያው ሥር ነው። በዚህ ከተማ ማን ፊደል እንዳስቆጠረኝ፣ መቼ እንዳስቆጠረኝ የምታውቀው ራሷ ያስቆጠረችኝ ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከዚህ ስቴት ለቅቃ ሄዳለች።

እኔ ይህን ሳመነዥክ ጋሼ ያቀበልኳቸውን ጥርጣሬ ለልጅቷ ተናግረውታል። ገማቹ ስሙ ተነካ፤ ፊት ለፊት ካልተነጋገርን አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሎንግ ቢች፣ እሷ ቤት። ጋሼ አንተም ትመጣለህ፣ ምስክሬ ነህ አሉኝ።

የቤተክርስቲያን ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ያ ሁሉ ጊዜ ለኔ የተሰጠ ነበር። ጋሼ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ይለማመዳሉ፤ «አይ አም አን ኦነስት ማን» ይሉና ድምፃቸውን ያስተካክላሉ፣ ደግመው ይሉታል። እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየሁ ተራዬን አሳለፍኩ።

የሟቹ ልጅ ሃምሳ የሚሆናት፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ድካም ያለባት ሴት ናት። ገማቹ ወፍራም ሰው ነው፤ ጣቶቹ ግን ቀጫጭንና ጥንቁቅ ናቸው። ጎራዴው ተፈትቶ ነጭ ፎጣ ላይ ተደርድሯል። አደራደሩ ልክ ነበር፤ የኔ ሽማግሌ እንደሚደረድረው። ያን ሳይ ይህን ሰው ሌባ ማለቴ አሳፈረኝ።

ዐሥሩን አሳየን፣ ሰባቱን አሳየን። ከዚያ ጠባቂው ጠርዝ ላይ ያለ ብርቱካንማ ዝገት በመርፌ ነካና ይህ ትኩስ ነው፣ ባለፈው ዓመት እርጥብ ነገር ነክቶታል፣ ስለዚህ ሰው ከፍቶታል አለ። ጋሼ ወደኔ ዞር ብለው ጸበል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል አሉኝ። ነገርኳቸው። ሚስቴ ሆሊ ዋተር ረጭታበት ነው አሉት። ሰውየው መርፌውን አስቀመጠ። ሴትዮዋ በጣቷ አፏን ሸፈነች፤ ልትስቅ ይሁን ልትቆጣ አልለየሁም።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። አንተ ቀድመህ አይተሃል፣ ያየሃቸው ቁርጥራጮች እነዚህ ናቸው? አለችኝ።

አይደሉም ብል ነገሩ በገማቹ ላይ ይዞራል፤ እኔም ኤክስፐርት ሆኜ እወጣለሁ። ጋሼ ምስክራቸውን በሙሉ እምነት ያዩኛል።

«እነዚሁ ናቸው» አልኩ። «የተለወጠ ነገር የለም።»

ጋሼ በአማርኛ ምን እያልክ ነው አሉኝ። አልመለስኩላቸውም፤ ብመልስላቸው ኖሮ አቆም ነበር። ጠባቂውን አንስቼ ለገማቹ የቀዳዳውን ውስጥ አሳየሁት። ተሞርዷል፤ ግን ጭረቱ ውስጥ ያለው ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፣ እንደ ቀረው ብረት። ገልብጬ ቅጠሉ የተኛበትን ቦታ አሳየሁት፤ የናሱ ጥላ ብረቱ ላይ ቀርቷል፣ ቅጠሉን ስትመልሰው ጥርስ ለጥርስ ይገጥማል። ትኩሱ ዝገት ያለው ከውጭ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፣ ቅጠሉ ሥር ጠብታ እንኳ አልገባም፤ ጸበሉ ከላይ ነው የፈሰሰው። እነዚህ ባዕዳን ናቸው፣ ግን አያቷ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አንድ አልጋ ላይ ኖረዋል አልኩት። ሰውየው ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ። በመጨረሻ ልክ ነው አለ፣ የድሮ ሥራ ነው፤ እኔ ያየሁት ቁጥሩን ነበር እንጂ ጭረቱን አልነበረም። ማጉያውን አወረደና ግን፣ አለ፣ ይህን ሁሉ የምታይ ሰው ዐሥርና ሰባትን አንድ ናቸው ያልከው እንዴት ነው?

እንዴት። መጣች።

ተናገርኩት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ አጭር ነበር፤ ማስጌጫ ቃል አልነበረኝም። ማንበብ የተማርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ በራሴ ቋንቋ፤ ጎራዴሽን ያነበብኩት በዚያ ቋንቋ ነው አልኳት። ወረቀት ስጡኝ አልኩና ተን ከዐሥሩ ጎን፣ ቲን ከሰባቱ ጎን ጻፍኩ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ጋሼን አላየኋቸውም። ትንፋሻቸውን ግን ሰማሁት።

ሴትዮዋ ይህን ጽፈህ ፈርምልኝ አለች። ሦስት ጎልማሳ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ሲያይ ጽፌ አላውቅም። እንግሊዝኛዬ በጽሑፍ ከንግግሬም ይብሳል። እስክሪብቶው በላብ ተንሸራተተብኝ፤ አንድ ቃል ሰርዤ ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ሰረዝኩ። ያኔ ጋሼ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ቀስ በል። የሚያባርርህ የለም» አሉኝ። ስድስት መስመር ጻፍኩ። ፈረምኩ። ገማቹም ሥሩ ልውውጡ የድሮ ነው ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ሴትዮዋ ለድርጅቱ አልናገርም አለች። ጋሼን ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም። አባቷን አራት ዓመት እጁን ይዘው ያስገቡ ያወጡ ሰው ናቸው፤ እሷ ዕቃ እንዳጠፋ ፖስተኛ ነው ያየቻቸው። እኔ ግን በዚያ ላይ አፌን የምከፍትበት መብት አልነበረኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም ነበርና።

ስንመለስ መንገዱ ክፍት ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሶ፣» አሉ፣ «ያ ሁሉ ዓመት ትረሳው የነበረው መነጽር።»

«የለኝም ጋሼ።»

«አንድም?»

«አንድም አልነበረኝም።»

ጥቂት ነዱ። «አለመማርህ አይደለም የከፋኝ» አሉ። «ስንሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገብህ እንግሊዝኛ ስለማመድ ዝም ማለትህ ነው።» ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው፤ ዘግይቼ። ፌርፋክስ ጥግ ላይ አወረዱኝና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት መኪናቸውን ሌላ ቦታ አቆሙ። በየቀኑ የሳቸውን የምትመስል ነጭ መኪና ስትመጣ ከዳሱ እወጣለሁ፤ የሌላ ሰው ትሆናለች። ከድርጅቱ ተባረሩ ወይስ ጠሉኝ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ድፍረት አጣሁ። አንድ ቀን ጠዋት መጡ። የድርጅቱ መኪና ነው፤ አርማው በሩ ላይ አለ። እሱን ሳይ ነው እንዳልተባረሩ ያወቅኩት። ቁልፉን በመስኮት አቀበሉኝና የማቆሚያ ቦታዎቹ ቁጥር ወደተጻፈበት ሰሌዳዬ እያዩ፣

«የቱ ላይ ነው የምታቆመው? ተ ላይ ነው ቲ ላይ?» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ በመጡ ቁጥር ይህንኑ ይሉኛል፤ ሰው ባለበትም ይሉኛል፤ ሰውም ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ሰሞን አልናገርም ነበር። አሁን እናገራለሁ። ቲኬት ሳገኝ ጀርባው ላይ ሁለቱን ስዬ አሳያለሁ፤ ይቺ መስቀል ናት፣ ይቺ እግር አላት፣ እግሯን እይ።